ንጉሡ ሲሞት የሄደው መሬት

የባለቤቴ አባት ገበሬ ናቸው። አየርላንድ ውስጥ፣ ቲፐራሪ በሚባለው ካውንቲ፣ ተርለስ ከተማ አጠገብ ላም ያረባሉ። ሰማንያን አልፈዋል። እዚህ አገር አማትን በስም መጥራት ነውር የለውም። የእኔ ምላስ ግን እምቢ አለ። "አባባ" ነው የምላቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ አሁን ሲደውሉም "አባባ ነኝ" ይላሉ።

አባባ ስለ ዘራቸው የሚያውቁት ሁሉ ቢጨመቅ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። ከአያታቸው የሰሟት ናት። "ንጉሡ ሲሞት መሬቱ ሄደ።" የትኛው ንጉሥ ቢሏቸው አያውቁም። መቼ ቢሏቸው አያውቁም። ደግሞስ መሬቱ የት ሄደ? ቤታቸው ዛሬም እዚያው ነው፣ ላሞቹም እዚያው ይግጣሉ። ልጆቻቸው ገና ሲጀምሯት ይስቃሉ። እኔ አልሳቅኩም። ንጉሥ ሲያልፍ መሬት አብሮ የሚያልፍበት አገር ልጅ ነኝ።

ጉዳዩ ውስጥ የከተተኝ ግን የትልቁ ልጄ የቤት ሥራ ነው። የቤተሰብ ሐረግ ሥላችሁ አምጡ ተባሉ። የእኔን ወገን፣ አባቴ በልጅነቴ እንዳስጠናኝ፣ እስከ ሰባት ቤት ያለ ወረቀት ቆጠርኩለት። በአባቱ በኩል ቅድመ አያት ላይ ስንደርስ ቆመ። ባለቤቴ ትንሽ ያፈረ መሰለኝ። "የእኛ መዝገብ ተቃጥሏል" አለ። አየርላንዳውያን ስለ ዘር ስትጠይቋቸው ሁሉም የሚመልሱት ይህንኑ ነው። ግማሹ እውነት ነው።

ያን ሌላውን ግማሽ ፍለጋ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። የማካፍላችሁ አየርላንድ ያላችሁትን ሐበሾች ብቻ አስቤ አይደለም። አሜሪካም እንግሊዝም የባሏ ወይም የሚስቱ ወገን "አይሪሽ ነን" የሚል አበሻ ሞልቷል። ልጆቹ አንድ ቀን መጠየቃቸው አይቀርም። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ስለ ቃጠሎው። በ1922 የአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት ሲጀመር፣ ደብሊን ውስጥ ፎር ኮርትስ የሚባለው የፍርድ ቤት ግቢ ተደበደበ። የመንግሥት ቤተ መዛግብቱ እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር። ጁን 30 ቀን ጋየ። ከ1821 እስከ 1851 የተካሄዱት የሕዝብ ቆጠራዎች ከቁርጥራጭ በቀር አመድ ሆኑ። ኑዛዜው፣ የፕሮቴስታንት አጥቢያዎች መዝገብ ከግማሽ በላይ፣ ሁሉም ሄደ። ከ1861 እስከ 1891 ያሉትን ቆጠራዎች ግን እሳት አልበላቸውም። እነሱን ቀደም ብሎ መንግሥት ራሱ ነው ያጠፋቸው። ስለዚህ ሙሉ ሆነው የተረፉት ጥንታዊዎቹ ቆጠራዎች የ1901 እና የ1911 ናቸው። ልጄ ቅድመ አያት ላይ የቆመው ለዚህ ነው።

ያልተቃጠለው ደግሞ ይኸውላችሁ። ሬጅስትሪ ኦፍ ዲድስ ይባላል፤ የመሬት ውል መዝገብ ቤት ማለት ነው። በ1707 በወጣ ሕግ ተቋቁሞ በ1708 ሥራ ጀመረ። ከ1832 ወዲህ መኖሪያው ሄንሪየታ ጎዳና ላይ ያለ የድንጋይ ሕንፃ ነው። ከእሳቱ ቦታ ብዙ አይርቅም፤ ግን ሌላ ግቢ ነውና አንድም ገጽ አልተነካበትም። ከ1708 ጀምሮ ተከታትሎ የተጻፈው ሁሉ አለ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። አንድ ሰው መሬት ሲሸጥ፣ ሲያከራይ፣ ወለድ አግድ ሲያስይዝ ወይም ልጁን ሲድር ውል ይጻፋል። ዋናው ውል ባለቤቱ ዘንድ ይቀራል። ማስመዝገብ የፈለገ የውሉን ፍሬ ነገር በብራና አስጽፎ፣ ምስክር አስፈርሞ፣ ከምስክሮቹ አንዱን አስምሎ ያስገባል። ይህ ጽሑፍ ሜሞሪያል ይባላል። የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊዎች ሜሞሪያሉን ቃል በቃል ወደ ትልልቅ መዝገብ ይገለብጡታል። ማስመዝገብ ግዴታ አልነበረም። ግን ክርክር ቢነሳ የተመዘገበው ውል ይቀድማል። አገር ቤት በወንጌል ብራና ባዶ ገጽ ላይ የተጻፈ የጉልት ስጦታ ወይም የመሬት ሽያጭ ያየ ሰው ነገሩ አይገርመውም። ሰጪ፣ ተቀባይ፣ ቦታ፣ ምስክር። ያው ነው።

አሁን የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ። አራት ወር የባለቤቴን ቤተሰብ ስም ፈለግኩ።

መዝገቦቹና ማውጫዎቹ ፋሚሊሰርች ድረ ገጽ ላይ በፎቶ አሉ። ነጻ አካውንት ከፍታችሁ ገጽ በገጽ ማገላበጥ ነው። እኔም ማታ ማታ ልጆቹ ሲተኙ የስም ማውጫውን ከፍቼ የእኛን ስም ፍለጋ እገባለሁ። ስሙ ቲፐራሪ ውስጥ እንደ አበበና ከበደ የበዛ ነው። አገኘሁም፣ ብዙ አገኘሁ። አንዱ የኮርክ ነጋዴ፣ አንዱ የደብሊን ቢራ ጠማቂ፣ አንዱ ጠበቃ። የእኛ ሰው የለም። ከ1833 በፊት ያለው የስም ማውጫ ደግሞ ቦታ አይጽፍም። የሰጪው ስም፣ የተቀባዩ የቤተሰብ ስም፣ ቅጽ፣ ገጽ፣ ቁጥር፤ አለቀ። እያንዳንዱን ከፍቶ ማየት ግድ ነው።

ከአራት ወር በኋላ ነው አንድ ነገር የበራልኝ። ማውጫው የሰጪዎች ማውጫ ነው። የተቀባዮች ማውጫ ጭራሽ የለም። ድሃ ገበሬ ደግሞ ምን ይሰጣል? የሚቀበል ነው። እኔ ጭሰኛን ከባለ ርስቶች መዝገብ ውስጥ በስሙ እየፈለግኩ ነበር። ቢገባኝ ኖሮ የጭሰኛ ልጅ ነኝ፣ መጀመሪያውኑ ማወቅ ነበረብኝ።

ሌላም ነገር አለ። የባለቤቴ ወገን ካቶሊኮች ናቸው። ከ1704 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ ካቶሊክ መሬት መግዛት አይችልም፣ ከ31 ዓመት በላይ የኪራይ ውልም መያዝ አይችልም። ከ21 ዓመት ያልበለጠ ውል ደግሞ መመዝገብ አያስፈልገውም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ 70 ዓመታት መዝገብ ውስጥ ተራ ካቶሊክ ገበሬ ማግኘት ዕድል ነው። ነገሩ የላላው በ1778 ነው። ያኔ ካቶሊክ እስከ 999 ዓመት ወይም እስከ አምስት ነፍስ ድረስ መከራየት ይችላል ተባለ። መግዛት የተፈቀደው በ1782 ነው። እንደ እኔ የካቶሊክ ወገን የምትፈልጉ ከሆነ ከ1778 ወዲህ ያለው ላይ አተኩሩ።

"አምስት ነፍስ" ምን ማለት ነው ብላችሁ ይሆናል። እመለስበታለሁ፤ የዚህ ሁሉ ወሬ ቁልፉ እሱ ነው።

ስሙን ተውኩትና ቦታውን ያዝኩ። ከአባባ ጀምሬ ወደ ኋላ ሄድኩ። 1911፣ 1901። ከዚያ የልደትና የጋብቻ መዝገብ፣ እሱ ለካቶሊኮች በ1864 ይጀምራል። ከዚያ የአጥቢያው የክርስትና መዝገብ፤ ይህን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ በነጻ አስቀምጦታል። ከዚያ የግሪፊዝ ግምት የሚባለው ላይ ደረስኩ። ከ1847 እስከ 1864 ለግብር ሲባል አገሩ ሁሉ መሬት በመሬት የተገመተበት ነው። የቆጠራውን ቦታ የሚተካው እሱ ነው ማለት ይቻላል። በውስጡ ጭሰኛው አለ፣ ያከራየው ሰው አለ፣ ታውንላንዱ አለ።

ታውንላንድ የሚለውን ቃል ያዙልኝ። የእኛ ጎጥ በሉት። የአየርላንድ መሬት ከ60 ሺህ በሚበልጡ ታውንላንዶች የተከፋፈለ ነው። ከሱ በላይ ሲቪል ፓሪሽ፣ ከዚያ ባሮኒ፣ ከዚያ ካውንቲ። ባሮኒ የሚባለውን ዛሬ ወጣቱ አያውቀውም፤ መዝገቡ ግን በእሱ ይሄዳል። የእኛ ባሮኒ ኤልዮጋርቲ ነው። ባለቤቴ እዚያው ተወልዶ አድጎ ስሙን ከእኔ ነው የሰማው። የታውንላንዱን ስም አልጽፍም፤ ሦስት አባወራ ብቻ ያለበት ቦታ ነው።

ታውንላንዱንና የባለ ርስቱን ስም ስይዝ ሁለተኛውን ማውጫ ከፈትኩ። የመሬት ማውጫ። ካውንቲው ይቀድማል፣ ከዚያ የታውንላንዱ የመጀመሪያ ፊደል። ፊደሉ ውስጥ ቅደም ተከተል የለም፣ እንደመጣ ነው የተጻፈው። ስለዚህ በአንድ ፊደል ሥር ያለውን ሁሉ ማንበብ ነው። አጻጻፉም አይጸናም። የእኛ ታውንላንድ ስም በአምስት ዓይነት ተጽፎ አግኝቼዋለሁ። ጸሐፊው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው፣ ስሙ አይሪሽኛ ነው፤ እንደሰማው ይጽፋል። ሐሌታውን ሀ እና ሐመሩን ሐ ሲያምታታ የምታዩት የቀበሌ ጸሐፊ ይቅር ያሰኛል። ስሙን ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ ፈልጉ። እኔን በዓይኔ ያመለጠኝን ጆሮዬ ነው የያዘልኝ።

ሦስት መስመር አገኘሁ። የመጀመሪያው የባለ ርስቱ ቤተሰብ የጋብቻ ውል ነው። ሁለተኛው የ1787 የኪራይ ውል፤ ሰጪው ያው ባለ ርስት፣ ተቀባዩ የማላውቀው ስም "እና ሌሎች"። ዘልዬው ልሄድ ነበር። የማላውቀው ያልኩትን ስም ግን የሆነ ቦታ ሰምቼዋለሁ። ባለቤቴን ጠራሁት። "ይሄ ስም ማን ነው?" አልኩት። ስክሪኑን አይቶ ሳቀ። "ከቦዩ ማዶ ያለው ሰውዬ ነዋ!"

ከአባባ እርሻ ጋር የሚዋሰን ጎረቤት ነው። በውኃ መውረጃ ቦይ ተጣልተው ከባለቤቴ ልጅነት ጀምሮ አይነጋገሩም።

መዝገቡን ከፈትኩ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ምንም አይነበብም። ነጠላ ሰረዝ የለም፣ አራት ነጥብ የለም። ቃል መሃል ያለው ኤስ ኤፍ ይመስላል። "ከላይ የተጠቀሰው" የሚለው በየመስመሩ ይመላለሳል። ዓይን እየለመደ ሲመጣ ግን ቀመሩ ይገባችኋል፤ ሁሉም ሜሞሪያል በአንድ ዜማ ነው የሚሄደው። ቀን፣ ሰጪ ከነማዕረጉ፣ ተቀባይ ከነሥራው፣ መሬቱ፣ ስፋቱ፣ ዘመኑ፣ ኪራዩ፣ ምስክሮቹ። አንዴ ከለመዳችሁ ዓይናችሁ በቀጥታ የሚፈልገው ቦታ ያርፋል።

የኛው እንዲህ ይላል፣ ባጭሩ። ባለ ርስቱ "ኤስኳየር" ነው፤ ይህ ማዕረግ ነው፣ እንደኛ ባላምባራስ ነገር። ተቀባዮቹ ሦስት ናቸው፣ ሦስቱም "ፋርመር"፣ ገበሬ። የመጀመሪያው የጎረቤቱ ቅድመ አያት። ሁለተኛው በባለቤቴ ቤተሰብ ስም የሚጠራ፣ በዚያው ታውንላንድ የሚኖር ሰው። ማውጫው የሚጽፈው የመጀመሪያውን ተቀባይ ብቻ ስለሆነ የእኛ ሰው "እና ሌሎች" የሚለው ውስጥ ተቀብሮ ነበር። በዚያ ዘመን ጎረቤታሞች ተጣምረው አንድ መሬት መከራየት የተለመደ ነው። ልብ በሉ፤ በስም ብቻ ብትፈልጉ ይህን ሰው እስከ ዕለተ ምጽአት አታገኙትም።

ስፋቱ 64 ኤከር ይላል። ግሪፊዝ ላይ ያው መሬት ከ100 በላይ ነው። አንድ ሳምንት ሌላ መሬት ነው ብዬ ተውኩት። ኋላ ነው በትንሹ የተጻፈችውን "በፕላንቴሽን ልክ" የምትል ነገር ያየሁት። የድሮው የአየርላንድ ኤከር ከእንግሊዙ 1.62 ጊዜ ይበልጣል። 64ቱ ሲቀየር ወደ 104 ኤከር ይሆናል፣ ወደ 42 ሄክታር። በእኛ አንድ ጋሻ ገደማ። አባቴ ይህን ሲሰማ "አንድ ጋሻ ለሦስት ጭሰኛ? መቼም አልተጎዱም" አለ፣ ከአዲስ አበባ በስልክ።

አሁን ነፍሶቹ። ዘመኑን የሚገልጸው ቦታ ላይ 21 ዓመት ወይም 31 ዓመት አይልም። "ለሦስት ነፍስ ዕድሜ" ይላል። አየርላንድ ውስጥ ይህ እጅግ የተለመደ ውል ነበር። ሦስት በሕይወት ያሉ ሰዎች በስም ይጠራሉ። ከሦስቱ አንዱ እስካለ ድረስ ውሉ አይነካም፣ ኪራዩም አይጨመርም። የመጨረሻው ሰው ሲሞት መሬቱ ወደ ባለ ርስቱ ይመለሳል። አንዳንዱ ውል፣ አንድ ሰው በሞተ ቁጥር ገንዘብ ከፍሎ ሌላ ስም መተካት ያስችላል፤ ያ "ለዘላለም የሚታደስ" ይባላል። የእኛው አይታደስም።

ጭሰኛው ማንን ይጠራል? ብልህ ከሆነ ትንሽ ልጁን። ረጅም ዕድሜ የሚጠበቀው ከሱ ነው። ስለዚህ እነዚህ ውሎች ዘር ለሚቆጥር ሰው ወርቅ ናቸው። ብዙ ጊዜ የልጁ ስም፣ የስንተኛ ልጅ እንደሆነ፣ ዕድሜው ይጻፋል። የክርስትና መዝገብ በሌለበት ዘመን ከዚህ የተሻለ ምስክር የት ይገኛል? በእኛ ውል ውስጥ የመጀመሪያው ነፍስ የጎረቤቱ ልጅ ነው። ሁለተኛው የእኛው ሰው ሁለተኛ ልጅ፣ "ዕድሜው 9 ዓመት ወይም በዚያ አካባቢ"። ሦስተኛውን ሳነብ ሻይዬ ቀዘቀዘ።

"ልዑል ዊልያም ሄንሪ፣ የግርማዊ ንጉሡ ሦስተኛ ልጅ።"

ገበሬዎቹ የእንግሊዝ ንጉሥ ልጅን ምን አገናኛቸው? ምንም። ዘዴ ነው። የገበሬ ልጅ አሜሪካ ቢሄድ መሞት አለመሞቱን ማን ያረጋግጣል? በዚህ ስንት ክርክር ተነስቷል። የንጉሥ ልጅ ከሞተ ግን አገር ይሰማል። ደግሞም በልቶ የሚያድር፣ ሐኪም ያለው ነው፤ ዕድሜ ይኖረዋል ተብሎ ይታሰባል። ጆርጅ ሦስተኛ ደግሞ 15 ልጆች ነበሩት፣ ምርጫ ሞልቷል። ስለዚህ በአሮጌ ውል ውስጥ የልዑላን ስም ብታዩ ዘመድ አገኘን ብላችሁ አትጨፍሩ። ያየሁት ሰው አለ፣ የጨፈረ።

ዊልያም ሄንሪ ኋላ ዊልያም አራተኛ ተብሎ ነገሠ። የሞተው በ1837 ነው።

ንጉሡ ሲሞት መሬቱ ሄደ።

ያኔውኑ አባባ ጋ ልደውል ነበር። ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆኗል። ደግሞ አንድ ነገር ከለከለኝ። ሁለቱ ልጆች ከንጉሡ ቀድመው ካልሞቱ ነገሩ አይገጥምም። ስለዚህ ሦስተኛውን መስመር ከፈትኩ። 1839፣ የባለ ርስቱ የልጅ ልጅ ዕዳ ገብቶ መሬቱን ወለድ አግድ ያስይዛል። ውሉ ከመጀመሩ በፊት የመሬቱን ታሪክ ይተርካል። ሕግ አዋቂዎች ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ መሬቱ ከማን እንደመጣ፣ ማን ተከራይቶት እንደነበር ይዘረዝራሉ። እዚያ ውስጥ የ1787ቱን ውል ጠቅሶ፣ የመጨረሻው ነፍስ የነበሩት ሟቹ ንጉሥ ዊልያም አራተኛ በማለፋቸው ውሉ እንዳበቃ ይናገራል። የሦስቱም ጭሰኞች ስም አለ። ባለ ርስቱና አበዳሪው ብቻ በማውጫ ውስጥ ባሉበት፣ እኛ ምንም ባልፈረምንበት ወረቀት ላይ ነው ታሪካችን የተጻፈው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። የራሳችሁን ሰው ውል ብቻ አትፈልጉ። የባለ ርስቱን ሠርግ፣ የባለ ርስቱን ዕዳ፣ የጎረቤትን ክርክር አንብቡ። "በአሁኑ ጊዜ በእገሌ ይዞታ ሥር ያለ" የሚል ሐረግ ካያችሁ ቁሙ። እዚያ ነው ጭሰኛው የሚታየው። ወሰን ሲነገርም ቁሙ፤ "በምሥራቅ የእገሌ መሬት" ሲል አንድ ጎረቤት ሰጣችሁ ማለት ነው።

ከቃጠሎው የተረፈ ሌላም ነገር በዚህ መዝገብ ውስጥ አለ። ሰዎች ኑዛዜያቸውን ጭምር ያስመዘግቡ ነበር። እስከ 1832 ያሉት ጭማቂ በሦስት ቅጽ ታትሟል። የጋብቻ ውሎቹም ቢሆኑ፣ ገንዘብ ያለው ቤተሰብ የምትፈልጉ ከሆነ፣ ከሁሉ ይበልጣሉ። የሙሽራዋ አባት፣ ወንድሞቿ፣ ዋስ የሆኑት አጎቶች፣ ባሏ ቢሞት በዓመት የሚከፈላት ሳይቀር አለ። ሴት በስሟ የምትታይበት ሰነድ ብርቅ በሆነበት ዘመን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የሚያደናግሯችሁ ጥቂት ነገሮች አሉ። አንድ መሬት በተከታታይ ሁለት ቀን ሁለት ጊዜ የተላለፈ ይመስላል፤ መጀመሪያ ለአንድ ዓመት በ5 ሺሊንግና በአንዲት ፍሬ ቁንዶ በርበሬ ኪራይ፣ በማግስቱ ለዘለቄታው። ማጭበርበር አይደለም። ያኔ መሬት የሚሸጠው በእነዚህ በሁለት ውሎች ነበር። እኔ ቁንዶ በርበሬዋን አይቼ ቅመም ነጋዴ ናቸው ብዬ ነበር። ሌላው የቀን ጉዳይ ነው። እስከ 1752 ድረስ የእንግሊዝም የአየርላንድም አዲስ ዓመት የሚገባው በማርች 25 ነበር። ስለዚህ ፌብሩዋሪ 1723 የተባለው በዛሬው አቆጣጠር 1724 ነው። በ1752 ደግሞ ከሴፕቴምበር ላይ 11 ቀን ተዘሎ ወጣ። ፈረንጆቹ ተመራማሪዎች በዚህ ሲጨነቁ አያለሁ። ሁለት ካሌንደር ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ያደገ ሰው ይህ አያስጨንቀውም።

ሄንሪየታ ጎዳናም ሄጃለሁ። ፎቶው ኢንተርኔት ላይ እያለ ለምን ብሎ ባለቤቴ ጠይቆኝ ነበር። መዝገቡን በእጄ መንካት ፈልጌ ነው። ድንጋይ የተነጠፈበት አጭር መንገድ ነው፣ ግራና ቀኙ ያረጁ ትልልቅ የጡብ ቤቶች። አንድ ጊዜ የመኳንንት ሰፈር ነበር፣ ኋላ በየክፍሉ አንድ አንድ ቤተሰብ የታጨቀበት የድሃ ሰፈር ሆነ። መዝገቡን ከመደርደሪያ ሳወርድ ወገቤን ያዝኩ። የመቃብር ድንጋይ ያህላል። ጠረጴዛው ላይ ገልብጬ የኛን ገጽ አገኘሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ያላየሁት ነገር አልነበረበትም። ሽታው ግን ሌላ ነው፣ የአሮጌ ቆዳ ሽታ። የአጎቴ ዳዊት ትዝ አለኝ።

ከ1837 በኋላ ያለው ቀላል ነው። ባለ ርስቶቹ ከ1840ዎቹ የድንች ረሃብ በኋላ በዕዳ ወደቁ። በ1849 የዕዳ ርስቶችን የሚሸጥ ፍርድ ቤት ተቋቋመ፤ ለእያንዳንዱ ሽያጭ የጭሰኞች ስም፣ ኪራይና ካርታ ያለበት መጽሐፍ ይታተም ነበር። የእኛም ታውንላንድ እዚያ ውስጥ አለ። ከሦስቱም ስሞች ጎን የተጻፈው "ከዓመት ወደ ዓመት" ነው። ይህ ማለት ባለ ርስቱ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሊነቅለው የሚችል ጭሰኛ ማለት ነው። ኪራዩም ከ1787ቱ ወደ እጥፍ ቀርቧል። የሄደው አፈሩ ሳይሆን ውሉ ነው። የአባባ ሴት አያት መሬቱ ሄደ ሲሉ ምን እንዳሉ የገባኝ ያኔ ነው። መሬቱ ለቤተሰቡ የተመለሰው በ1903 በወጣው ሕግ፣ ከመንግሥት ተበድረው በመግዛት ነው። አባባ ልጅ ሆነው አባታቸው ለመሬት ኮሚሽን ክፍያ ሲልኩ ያስታውሳሉ።

በፋሲካ ሰሞን ሄድን። የ1787ቱን ገጽ በትልቁ አሳትሜ፣ ከጎኑ በሚነበብ ጽሑፍ ገልብጬ ይዤ ነበር። ሁለት ኮፒ፣ አንዱ ለልጄ። ምሳ ከተበላ በኋላ አነበብኩላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ሰሙኝ። ልዑሉ ጋ ስደርስ ምንም አላሉም። የንጉሡን የሞት ዓመት ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ልጆቻቸውም አልሳቁም።

ከዚያ "ኪራዩ ስንት ነበር?" አሉ።

"በኤከር 18 ሺሊንግ።"

"ለዚያ ለረግረጉ?" አሉ፣ ንዴት ብጤ። 230 ዓመት ያለፈው ኪራይ ነው።

ወረቀቱን ተቀብለው የጎረቤቱን ስም በጣታቸው ፈለጉ። ከሳቸው ስም በፊት ነው የተጻፈው። ጣታቸው ከአንዱ ስም ወደ ሌላው ሁለት ሦስቴ ተመላለሰ። ቆይተው ተነሡ፣ ቆባቸውን አደረጉ፣ ቦት ጫማቸውን ሳቡ። የልጄን ኮፒ አጣጥፈው ኮት ኪሳቸው ከተቱት።

"አባባ፣ ወዴት ነው?" አልኩ።

"ለልጁ ሌላ አሳትሚለት" አሉኝ። በመስኮት አየናቸው። ወደ ቦዩ ነው የሚሄዱት።